ብል ያልበላው ወረቀት

ናይሮቢ፣ ላቪንግተን
ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፺፰ ዓ.ም.

ይድረስ ለኢያሱ እናት፤ ድሬዳዋ።

እንደምን ከርመሻል? ልጃችን የነገረኝ የጉልበትሽ ሕመም ቀለል ብሎልሻል ወይ? ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር ያልጻፈልሽ እጅ ዛሬ ተነሥቶ ጤናሽን መጠየቁ ድፍረት እንደሚመስልሽ ባውቅም፣ ደፍሬ እጠይቃለሁ። እኔ ከጆሮዬ መክበድ በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደኅና ነኝ።

ኢያሱ ግን ሊያሸንፈኝ ተነሥቷል። ኢምባካሲ ሰፈር፣ ከሚሠራበት መጋዘን አጠገብ፣ በአንዲት ጠባብ ቤት ሊያኖረኝ ስለ ፈለገ፣ ያንን ፔዳሉን ሲረግጡለት ራሱን የሚጫወት ፒያኖ፣ ዜማ በቀዳዳ ከተጻፈባቸው መቶ አርባ ጥቅል ወረቀቶቹ ጋር፣ ሩንዳ ሰፈር ለሚኖር አንድ የጥንት ዕቃ ሰብሳቢ እንድሸጥ ወተወተኝ። አባባ፣ ይኼ እኮ ወረቀት ነው ቢለኝ፣ የመኖሪያ ፈቃድህም ወረቀት ነው፤ እስቲ አምጣውና ልቅደደው አልሁት። ሰውዬውን ከማምጣት ግን አልተመለሰም።

ሰብሳቢውም ጥቅሎቹን በማጉያ መነጽር ሲመረምር ቆይቶ፣ አንቺ የምትወጂውን የዋልዝ ዳንስ ጥቅል እስከ መጨረሻው ዘረጋና፣ ዋልዙ ካበቃ በኋላ ባለው ባዶ ወረቀት ላይ እኔ በስንዴ ሙጫና በስስ ወረቀት የደፈንኋቸውን ቀዳዳዎች እየጠቆመ፣ ይህን ማን ቀደደው አለኝ። ብል ነው፤ ባለቤቴ ከቤት በወጣች በዓመቱ አግኝቼ አንድ በአንድ ደፍኜዋለሁ ብዬ፣ በሙያዬ እየኮራሁ መለስሁለት። ሳቀብኝ። በማስመሪያ እየለካ የሚበላ ብል በዕድሜዬ አላየሁም አለኝ።

እሱን ከሸኘሁ በኋላ ድፍኖቹን በእርጥብ ጥጥ እያራስሁ ሳነሣ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። በአራተኛው ቀን ፔዳሉን ረገጥሁ። ዋልዙ አለቀ፤ ጥቂት ዝም አለ፤ ቀጥሎም ለሴት ልጃችን ለሚልካ ራስሽ ያወጣሽላት፣ እሷን ከቀበርን በኋላ ግን በቤታችን ሁለተኛ እንዳይሰማ ብዬ የከለከልሁሽ የማስተኛ ዜማ መጣ። አፍሽን ብዘጋው በምላጭ ጻፍሽው፤ የጻፍሽውን ደግሞ በሙጫ ደፈንሁት።

እንግዲህ ቁርጡን ስሚ፤ አልሸጥም! ኢያሱ ይቆጣ፣ ሰብሳቢው ዋጋ ይጨምር፣ አከራዬ ዕቃዬን ደጅ ያውጣ፤ ከፒያኖዬ ጋር በረንዳ ላይ አድራለሁ እንጂ ከእነዚህ ጥቅሎች አንዲቱም ከእጄ አትወጣም። ሰማንያ ሊሞላው ሁለት ዓመት የቀረውን ሰው በጠባብ ቤት አያስፈራሩትም።

ዜማሽ መካከል ላይ ይቋረጣል፤ እዚያ ያቆምሽው የሄድሽበት ቀን ይመስለኛል። ከዚያ ወዲያ ሁለት ክንድ ያህል ባዶ ወረቀት ቀርቷል። የቀረውን እኔ አላውቀውም፤ በከለከልሁበት አፍም ተመልሼ ልለምንሽ አልደፍርም። አዲስ ምላጭ ግን ገዝቼ ከማስመሪያው አጠገብ አኑሬያለሁ።

አምላክ ዕድሜሽን ያርዝመው፤ ጉልበትሽንም ለረጅም መንገድ የሚበቃ ያድርግልሽ።

የሚልካ አባት