በአንድ መኪና የዘገዩ ወረቀቶች

ውድ አባቴ፣

ከሞትክ ዘጠኝ ዓመት አለፈህ። በሕይወት ሳለህ አንድም ደብዳቤ ጽፌልህ አላውቅም፤ አንተም ለእኔ። ይህንንም የምጽፈው ናፍቀኸኝ አይደለም። ተናድጄ ነው።

ሥራዬን ታውቀዋለህ፤ ባትወደውም። «ዩኒቨርሲቲ ድረስ ያስተማርኩት የአሮጌ መኪና ቁጥር ሲለቅም እንዲኖር ነው?» ብለህ በእንግዳ ፊት የሳቅህብኝን አልረሳሁም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንተ ትሠራበት የነበረውን የዲትሮይቱን ፋብሪካ የምርት መዝገብ ሳጠና ኖሬአለሁ። ፋብሪካው ሲዘጋ ግማሹ መዝገብ ጠፋ። የቀረልን ማስረጃ እናንተ የወንበር ክፍል ሠራተኞች ከወንበሩ ሽቦዎች መሀል እየወሸቃችሁ የለቀቃችሁት ወረቀት ነው፤ የመኪናው ቁጥር፣ ሞተሩ፣ ቀለሙና የሚላክበት ከተማ የታተመበት። ወረቀቱና መኪናው ከተስማሙ «እውነተኛ» ብዬ እመዘግባለሁ፤ ካልተስማሙ «አይደለም» እላለሁ። ባለመኪናዎች የሚያውቁኝ በሁለተኛው ነው።

ባለፈው ዓመት ኦርቪል ቲግ የሚባል ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር ከቶሌዶ ደወለልኝ። ከስድስት ዓመት በፊት መኪናውን «አይደለም» ብዬበት ነበር፤ ከኋላ ወንበሯ የወጣው ወረቀት የሌላ መኪና ነበርና።

«ፕሮፌሰር፣ ያቺን የገደልካትን መኪና ታስታውሳታለህ?»

«አልገደልኳትም። ወረቀቱ የእሷ አይደለም።»

«እሺ ይሁንልህ። ከወረቀቱ ጀርባ የተጣበቀውን ጥጥ ዛሬ ሳጸዳው በእርሳስ የተጻፈ ነገር አገኘሁ። ስምህ አለበት።»

«የማን ስም?»

«ያንተ ነዋ! ዜኖን ይላል። በዚህ አገር ስንት ዜኖን ያለ መሰለህ?»

ሊያታልለኝ ነው ብዬ ማጉያ መነጽሬን ይዤ ሄድኩ። ኦርቪል ጋራዡ ውስጥ ወንበሩን አጋድሞ እየሳቀ ጠበቀኝ። «ባለቤቴ ሎሬታ ከኋላ አትቀመጥም» አለኝ። «ቦታው ተይዟል ትላለች። እኔ ደግሞ ተሳፋሪ ካለ ይውጣና ይግፋልን እላታለሁ!»

አልሳቅኩም። ወረቀቱን አገላበጥኩት። በቋንቋችን በፖላንድኛ ሁለት መስመር ነበር፦ «ዜኖን፣ ዛሬ በረዶ ይጥላል። በርዶሃል ወይ?»

ፊደሉ ያንተ ነበር። የላቲኗን ፊደል «ዜድ»ን ስትጽፍ ወገቧ ላይ ሰረዝ ታደርጋለህ፤ ደግሞም ጠበቅ አድርገህ ስለምትጽፍ ወረቀቱ በሌላው በኩል ያብጣል። የወረቀቱ ቀን ማርች 12 ቀን 1968 ነው። እንደ ልማዴ መረመርኩ። የሽቦው ዝገት ከእርሳሱ ሥር ሳይሆን ከእርሳሱ በላይ አልፏል። አጭበርባሪ አሮጌ እርሳስ ሊገዛ ይችላል፤ በላዩ የሃምሳ ዓመት ዝገት ሊያሰምርበት ግን አይችልም።

«ምነው ነጣህ?» አለ ኦርቪል። «የምታውቀው ጽሕፈት ነው?»

«የአባቴ ነው።»

«ታዲያ አባት ለልጁ ቢጽፍ ምን ያስደነግጣል?»

«ያን ጊዜ አልተወለድኩም። የተወለድኩት ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ነው።»

ኦርቪል ወንበሩ ላይ የነበረውን እጁን ቀስ ብሎ አነሳ።

እናቴ ያለችበት የአረጋውያን ቤት ሄጄ ወረቀቱን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩት። መነጽሯን አድርጋ አነበበችው።

«ይሄ ሰውዬ!» አለች። «እኔን 'ከእንግዲህ ስሙን እንዳታነሺ' ብሎ አፌን ዘግቶ፣ እሱ እዚያ ሆኖ ይጽፍለት ነበር?»

«ለማን ነው የሚጽፈው?»

«ለወንድምህ። ፔንሲልቬኒያ ሳለን፣ በሰባት ወሩ ሳንባው ታሞ ሞተብን። ባገራችን የሞተ ልጅ ስሙን ለሚቀጥለው ያወርሳል። ያባትህም አባት እንዲሁ ነበሩ።»

«ሃምሳ አራት ዓመት ሙሉ አልነገርሽኝም!»

«ምን ብዬ ልንገርህ? የለበስከው የሰው ልብስ ነው ልበልህ?»

ከዚያ በኋላ ወንበራቸው ያልተነካ መኪኖች ላላቸው ሰዎች ሁሉ ጻፍኩ። ለመዝገቡ ነው አልኳቸው፤ ዋሸሁ። የፈለግኩት አንድ ነገር ነበር፦ እኔ ከተወለድኩ በኋላ ለእኔ ብለህ የጻፍከው አንድ መስመር እንኳ መኖር አለመኖሩን ማወቅ።

አሥራ አንድ ወረቀቶች አገኘሁ። «ዜኖን፣ ጥርስህ ወጣ ወይ?» ይላል አንዱ። «ዜኖን፣ አረንጓዴው መኪና ውስጥ ተቀምጠህ አየሁህ። ውረድ። እሱ ቴክሳስ ነው የሚሄደው፤ እዚያ ማንንም አታውቅም» ይላል ሌላው። የቴክሳሱን ወረቀት የላከችልኝ ሴት ሰማያዊ መኪናዋ አንድ ቀን እንኳ ከኦሃዮ ወጥታ እንደማታውቅ ጽፋልኛለች። አንዱም ወረቀት በራሱ መኪና ውስጥ አልነበረም። ሁሉም የተገኙት ቀጥሎ በመጣው መኪና ውስጥ ነው። ወረቀት ያቀላቀሉ ግድየለሾች እያልኩ ሃያ ዓመት የረገምኳቸው ሠራተኞች አንተ ብቻ ነበርክ። የመኪና መገጣጠሚያው መስመር ለማንም አይቆምም፤ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጽፈህ ቀና እስክትል መኪናው አልፎህ ሌላው ይደርሳል፤ ከእሱ ኋላ ያሉት ወረቀቶችም እንዲሁ በአንድ መኪና እየዘገዩ ይቀጥላሉ። በዚህ ምክንያት የሠላሳ አንድ ሰዎችን መኪና ሐሰተኛ ብያለሁ። ሁሉንም አርሜአለሁ፤ የኦርቪልን አስቀድሜ።

የመጨረሻው ጽሑፍ የኦክቶበር 14 ነው፤ ከተወለድኩ በሁለተኛው ቀን። «ዜኖን፣ ወንድ ልጅ ተወለደ። ስምህን ለእሱ ሰጠሁት። እንዳትቀየመኝ። እሱን ስጠራ ግን አንተ እንዳትመጣ።»

ከዚያ ወዲህ ያሉ አራት ወረቀቶች አግኝቻለሁ። ጀርባቸው ባዶ ነው።

በስሜ ጠርተኸኝ አታውቅም ነበር፣ አባቴ። «አንተ» ነበርኩ፤ «ልጁ» ነበርኩ፤ ከጓሮ ስትፈልገኝ እንደ ውሻ ታፏጭልኝ ነበር። ስለማትወደኝ መስሎኝ አደግኩ። ለካ ፈርተህ ነው። እሱ እንዳይመጣ ነው የፈራኸው፣ ወይስ ጠርተኸው ሳይመጣ እንዳይቀር?

አንድ ጊዜ ብቻ ጠርተሃል። ሆስፒታል፣ የመጨረሻው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ። እኔ በቀኝህ ተቀምጫለሁ፤ አንተ በሩን ታያለህ። «ዜኖን» አልክ። «አለሁ» አልኩህ። አልዞርክም። ፊትህ ግን በራ፣ እኔ አይቼው የማላውቀው ፊት። ከዚያ እጅህን ዘርግተህ ወንበሬን ገፋኸው፤ ለሚገባ ሰው መንገድ እንድለቅ።

ለቀቅኩ። ተነስቼ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ፤ እስክትሞት ድረስም ባዶው ቦታ ላይ ዓይንህን እንደተከልክ ነበርክ።

ማስረጃ የሌለውን ነገር አልመዘግብም፤ ማን እንደገባ አላየሁም። ይህችን ግን አየኋት፤ አንተም እዚያ ባለህበት መዝገብ ላይ አርማት፦ ስትጠራ «አለሁ» ያለው እኔ ነኝ።

ልጅህ
ዜኖን ጋውሊክ፣
ኦክቶበር 12 ቀን 1970 የተወለደው