ስለ ሰናይት ልብና ስለ እኔ ቅናት

ለምወድሽ እህቴ ለፋንቱ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? በደንማርክ ብርድ ጉንፋኑ ለቀቀሽ ወይስ እንደ አምናው ደረትሽን ይዞ አሰነበተሽ? ቀኑ ገና ሳይነጋ ይመሻል ያልሽኝን እያሰብኩ፣ ከሥራ ስትመለሺ ማን ያጫውትሽ ይሆን እላለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን። እናታችን ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት። ባለቤቴ ዓለምነህም ደህና ነው። ገብሱ በረዶ ሳይነካው ተወቅቶ ገብቷል። ንፋስ መውጫም እንደምታውቂያት ናት፤ ነፋሷ አልቀነሰም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። ስልኩ ሰናይት እጅ ነው። ኔትወርክ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የምታገኚው ልጄን ነው። እኔ ዘንድ እስኪደርስ ወይ ባትሪው ያልቃል፣ ወይ አንቺ ወደ ሥራ ትገቢያለሽ። ደግሞም የምነግርሽ ነገር እሷ እየሰማች የሚነገር አይደለም። ስለዚህ ወደ አዲስ አበባ ለሚወርድ የሥራ ባልደረባዬ አደራ ሰጥቼዋለሁ፤ ወደ አንቺ አገር የሚመጣ ሰው ፈልጎ ይልክልኛል።

ፋንቱ፣ ቀንቼብሻለሁ። ሌላ ስም ላወጣለት ሞክሬ ነበር፤ ደክሞኛል አልኩ፣ ተናድጃለሁ አልኩ። ቅናት ነው።

ነገሩን እኔ ባየሁት መንገድ አልሰማሽውምና ልንገርሽ። ሰናይት መጀመሪያ የወደቀችው የትምህርት ቤቱ ደወል አጠገቧ ሲደወል ነው። ቀጥሎ ገበያ መሄጃው ላይ ባጃጅ ከኋላዋ ጥሩንባ ሲነፋባት ወደቀች። ሰው ሁሉ የሚጥል በሽታ ነው አለ። እዚሁ ጋይንት ወዳለችው ቤተ ልሔም ወስጄ ጠበል አስጠመቅኳት፤ ሰነበትን። ፊቷ አመድ መስሎ ክንዴ ላይ ስትዝል የያዝኳት እኔ ነኝ። ስትነቃ መጀመሪያ ያየችውም የእኔን ፊት ነው።

አንቺ ግን በስልክ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሽ። ስትወድቅ ሁልጊዜ ድንገተኛ ድምፅ አለ ወይ አልሽኝ። አዎ አልኩሽ። ከዚያ፣ «ደምሌስ?» አልሽ።

ወንድማችን ሲሞት አንቺ ዩኒቨርሲቲ ነበርሽ፤ እኔ ግን እዚያው እስቴ፣ በዘመድ ሠርግ ላይ፣ ከዳሱ ሥር ቆሜ ነበር። ጎረቤታችን ታፈረ ሙሽራው ሲገባ ወደ ሰማይ ተኮሰ፤ ደምሌ እንደቆመ ተዘረጋ። ጥይቱ መታው ብለን ልብሱን ቀደድን። አንድም ቁስል አልነበረበትም። ያም ሆኖ የአባታችን ወገኖች ታፈረን በደም ዓይን ያዩት ጀመር። ሽማግሌ ገብቶ ነገሩ ቢበርድም ሰውየው መቆም አልቻለም፤ ከብቱን ሸጦ ሲማዳ ወረደ። እናታችንም የሰውየውን ስም ዳግም አላነሳችም።

አንቺ ባልሽው መሠረት ሰናይትን ባሕር ዳር ወሰድኳት። ሐኪሙ ደረቷ ላይ ገመዱን አጣብቆ የልቧን ምት በወረቀት አወጣ። ልቧ አንዴ ከመታች በኋላ ለሚቀጥለው ምት ለመዘጋጀት ከሚገባት በላይ ትዘገያለች አለን። በዚያ መሐል ድንገት ከደነገጠች ምቷ ይዘበራረቃል። ክኒን አዘዘላት፤ የማይስማሟትን መድኃኒቶችም ነገረን። እኔንና እናታችንንም መረመረን። እናታችን ነፃ ናት። እኔ ግን እንደ ልጄ ነኝ፤ ይቀለኛል እንጂ ያው ነው። ከአባታችን ወደ ደምሌና ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ሰናይት ወረደ ማለት ነው። ለልጄ በሽታውን ያወረስኳት እኔ፣ ስሙን ያወቅሽላት ደግሞ አንቺ።

ከዚያ ወዲህ ነው ልጄ ያንቺ የሆነችው። ምራቋ በብልቃጥ ወደምትሠሪበት ቤተ ሙከራ ተልኮልሽ ውጤቱን የነገርሻት ዕለት እየሮጠች ወጥ ቤት ገባች። እማዬ፣ ልቤ በሮቹን መሥራት አላቃታትም አለችኝ። ሽንኩርት እየከተፍኩ አዳመጥኳት። ፖታሲየም ከልብ ህዋስ የሚወጣበት በር፣ ቻናል የሚሉት፣ ፕሮቲን ነው፤ ህዋሱ ውስጥ ተሠርቶ፣ ተጣጥፎ፣ ቅርጹን ከያዘ በኋላ ይፈተሻል። ያለፈው ይለያል፣ በትንንሽ ከረጢት ይጫንና ህዋሱን የሚሸፍነው ስስ ገለፈት ላይ ይተከላል። እኔ ውስጥ ከሚሠሩት ብዙዎቹ ትንሽ ስለሚጣመሙ ፈታሹ ይይዛቸዋል፤ ተመልሰው ይፈርሳሉ፤ ገለፈቱ ጋ የሚደርሱት ጥቂት ናቸው አለችኝ። አክስቴ ደግሞ አንዳንዶቹ ቢደርሱ ይሠሩ ነበር ብላለች፤ ህዋሱን በቤተ ሙከራ ዕቃ ውስጥ ቀዝቀዝ አድርገው ሲያቆዩት ከተጣመመው አንዳንዱ ፈታሹን ያልፋል አለች። ከዚያ ሁለታችሁ የጋይንት ብርድ መድኃኒት ነው፣ ጉና ተራራ ላይ ለልቧ ቤት እንሥራላት እያላችሁ የሳቃችሁትን ሳቅ ነገረችኝ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን ሳቁ የእኔ አልነበረም።

ፋንቱ፣ እኔ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ያንን ገለፈት በጠመኔ የሳልኩበት ሰሌዳ ፊት ልጄ ራሷ ተቀምጣ አዛግታለች። ከአንቺ አፍ ስትሰማው ግን እህል ውሃ አስረሳት። ክኒኗን የማስታውሳት፣ የቤቱን በር በኃይል እንዳይዘጉ ሰው የምለምን፣ ርዕሰ መምህሩን ደጅ ጠንቼ ደወሉን ከክፍሏ ያስራቅኩ እኔ ነኝ። እሷ ግን ሳድግ እንደ አክስቴ ነው የምሆነው ትላለች።

አሁን ደግሞ የታፈረን ነገር ስሚ። እናታችን ከባሕር ዳር እንደተመለስን ዓለምነህን ጠርታ፣ ሲማዳ ወርደህ ያንን ሰው አምጣልኝ አለችው። ታፈረ መጣ። ጠጉሩ ነጥቷል። ከደጃፉ ቆሞ አልገባም አለ። እናታችን ምርኩዟን ይዛ ወጣችና፣ «ጥይትህ አይደለም ልጄን የገደለው። ከአባቱ የወረሰው ልብ ነው። እውነቱን ሳላውቅ ስምህን ከአፌ አጥፍቼ ኖሬያለሁ፤ ይቅር በለኝ» አለችው። ታፈረም፣ «እኔም ራሴን ገዳይ ነህ ስለው ነው የኖርኩት፣ እመት» አለና ጉልበቷን ሊስም ዝቅ አለ፤ እሷም ቀና አድርጋ አንገቱን ሳመችው። ጎረቤቱ ሁሉ አለቀሰ።

ሊሄድ ሲል ይህን ያገኘችው ፋንቱ መሆኗን ሰምቶ፣ በጸሎት ላስባት፣ የክርስትና ስሟን ንገሩኝ አለ። ጠላ ይዤ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ወለተ ማርያም ናት ብዬ የነገርኩት እኔ ነኝ። የእኔን አልጠየቀኝም። በዚያ ቀን፣ የወንድሜ ነፍስ እፎይ ባለችበት ቀን፣ እኔ የማስበው ስሜን አለመጠየቁን ነበር። ምን ያህል እንደያዘኝ ታዪያለሽ።

ሰናይት አሥራ ሁለተኛን ስትጨርስ ወደ አንቺ እንድትመጣ መጠየቅሽን ነግራኛለች። ለእኔ ሳትነግሪ ለእሷ መንገርሽ አቃጥሎኛል። ቢሆንም አልከለክላትም። የልቧን በሮች እንኳን ገለፈቱ ጋ እንዳይደርሱ የሚይዛቸው ፈታሽ አለ፤ እኔ ሌላ መያዣ አልሆንባትም። ፈተናዋን ትለፍ፣ ከዚያ ራሷ ትወስን።

አሁን ግን ደብዳቤውን ወደጻፍኩበት ጉዳይ ልምጣ። ሐኪሙ የአባታችን ልጆች ሁሉ ይመርመሩ ብሏል። አንቺስ ተመረመርሽ? በስልክ ስጠይቅሽ ስለ ህዋስ ነገርሽኝ። ሰናይት ስትጠይቅሽም እንዲሁ ወሬ ቀየርሽ፤ እሷ አላስተዋለችም፣ እኔ አስተውያለሁ። ታናሼ ነሽ፤ ስትፈሪ ወሬ እንደምታበዢ ከልጅነትሽ አውቃለሁ። የሁላችንን ልብ አውቀሽ የራስሽን ማየት ፈርተሻል። አንቺን ጠዋት የሚቀሰቅስሽ የስልክ ደወል ነው፤ በአንድ ክፍል ብቻሽን ትኖሪያለሽ። ብትወድቂ ማን ክንዱን ይዘረጋልሻል? ይህን ሳስብ ቅናቴ ሁሉ ከሆዴ ይወጣና ፍርሃት ብቻ ይቀራል፤ ሲነጋ ደግሞ ቅናቱ ይመለሳል።

ተመርመሪ። ደወሉንም አጥፊው። ውጤቱ ምንም ይሁን ምን መጀመሪያ ለእኔ ንገሪኝ፤ ለሰናይት አይደለም፣ ለእናታችንም አይደለም። ይህ አንዱ የእኔ ይሁን።

እናታችን ግንባርሽን ስማሻለች፤ የበላሽውንና የለበስሽውን ጠይቂልኝ ብላለች። ዓለምነህ ሰላም ብሎሻል፤ ሲማዳ ድረስ በመሄዱ እንድታመሰግኚው ይፈልጋል፣ አላለም እንጂ። ታፈረም በመጣ በሄደው ሰላምታ ይልካል። ሰናይት መጻፌን አታውቅም፤ ስለዚህ የእሷን ሰላምታ አልጨመርኩም። እሱን በየቀኑ ታገኚዋለሽ።

እህትሽ ጌጤ

ንፋስ መውጫ፣ ላይ ጋይንት
ጥር ፲፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.