«ሞቷል» የተባለው ፓምፕ

ለውድ ባለቤቴ ለመስፍን፤

ከተለያየን ስምንተኛው ወር ነው። ነገርን በቅደም ተከተል ካላስቀመጥኩ እፎይ እንደማልል ታውቃለህና፣ የሆነው እንዲህ ነው። በጥቅምት አረፍህ። በኅዳር አርባህን አወጣን። በታኅሣሥ ከአጥራችን ማዶ የነበሩት የካዛንቺስ አሮጌ ቤቶች ፈረሱ፤ አቧራው እኛ ግቢ ገባ። በጥር ወንድምህ ጌታሁን የመኪናህን ሞተር አስነሣ፤ ሞተሩ ተነሣ፣ ውስጡ የሠራኸው መታጠቢያ የውሃ ፓምፕ ግን ውሃ አልሰጥ አለ። በየካቲት መካኒኩ ስንታየሁ መጥቶ አየው። በመጋቢት ለመኪናው ገዢ መጣ። በሚያዝያ ሥራውን እኔ ያዝኩ። የግንቦቱን እስከ መጨረሻው ስታነብ ትደርስበታለህ። አሁን ሰኔ ነው፣ ዝናቡ ጀምሯል፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነው የምጽፍልህ። «ደስ ብሎኝ» የሚለውን ሁለት ጊዜ መዝኜ ነው የጻፍኩት፤ ልክ ነው።

ቤቱ ደህና ነው። ከአጥሩ ማዶ የነበረው ዳቦ ቤት ስለተነሣ ዳቦ የምገዛው ኡራኤል ወርጄ ነው፤ የታክሲው ሰልፍም ወደ ታች ሄዷል። አንተ ትቀመጥበት የነበረውን ወንበር እናትህ ወደ መስኮቱ አዙረውታል። ከዚያ መስኮት የሚታየው መኪናህ ብቻ ነው።

ያንን አሮጌ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ገዝተህ ግቢ ያስገባህ ዕለት «ወንበሮቹን ነቅለህ አልጋ ልታስገባበት? ለማን?» ብዬህ ነበር። አንተ ግን ሥራህን ቀጠልክ። አልጋ ሠራህ፣ ምድጃ ገጠምክ፣ ከኋላ ደግሞ በር ያላት ጠባብ መታጠቢያና መጸዳጃ አወጣህ። ከአልጋው ሥር የንጹህ ውሃ ታንከር፣ ከታንከሩ ጎን ደግሞ ጓደኛህ ከጀርመን ያመጣልህን ትንሽ ፓምፕ አስቀመጥክ። የሰፈሩ ሰው «ቪላ መስፍን» ብሎ ሰየመው። ለማን እንደሆነ የገባኝ የመታጠቢያዋን በር ስትለካ ነው፤ እናትህን ጠርተህ ደፉ ላይ አቆምካቸውና በእሳቸው ቁመትና ስፋት ልክ ምልክት አደረግህ።

ድሬዳዋ ያሉት አክስትህ እታገኝ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ከቤት አይወጡም። እናትህ ደግሞ በስኳር ሕመማቸው የተነሣ በየጥቂቱ መጸዳጃ ቤት መግባት አለባቸው። አንድ ጊዜ በሕዝብ አውቶቡስ ሲጓዙ ሹፌሩ አላቆምም ብሏቸው በሰው ፊት ከተሸማቀቁ በኋላ ረጅም መንገድ እርም አሉ። ሁለት እህቶች በስልክ ድምፅ ብቻ እየተገናኙ ዓመታት አለፉ። መኪናው የተሠራው ለዚህ ነበር። ውሃ ከሌለው ደግሞ ያ መታጠቢያ ቁም ሣጥን ነው።

በጥር ጌታሁን ታንከሩን ሞልቶ ቧንቧውን ሲከፍት ውሃው ጥቂት መጣ፣ ቀጠነ፣ ቆመ። ፓምፑ ግን ማጉረምረሙን አላቋረጠም። ስንታየሁ ሲመጣ የታንከሩን ክዳን ከፍቶ ሙሉ መሆኑን አየ፣ መልሶ ዘጋው፣ ፓምፑን ጥቂት አዳመጠና እጁን በጨርቅ እየጠረገ «እኅት ሂሩት፣ ይኼ በቃ ሞቷል። እዚህ አገር ደግሞ ምትክ አይገኝለትም» አለኝ።

እናትህ ጥቁር ልብሳቸውን እንደለበሱ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «አንተ ልጅ፣ የሞተው መስፍን ነው። ዕቃ ይበላሻል እንጂ አይሞትም» አሉት። ስንታየሁ ደንግጦ ኮፍያውን አወለቀ፣ ይቅርታም ጠየቀ።

ንግግራቸው የሐዘን ንግግር ነበር። እኔ ግን በቁሙ ወሰድኩት። ዕቃ የሚበላሸው በምክንያት ነው፤ ምክንያት ያለው ነገር ደግሞ ይፈተሻል። ስንታየሁ ፓምፑን አዳመጠው እንጂ አልፈተሸውም። ይህን ያኔ ለማንም አልተናገርኩም፤ ማስረጃ አልነበረኝም።

በመጋቢት ጌታሁን ገዢ ይዞ መጣ። በወንድምህ አትዘንበት፤ ቆሞ ከሚበሰብስ ለሰው ይጥቀም ማለቱ ነው። ገዢው ውስጡን አራግፎ ለተማሪዎች ሰርቪስ ሊያደርገው ፈለገ። አልጋውን በእጁ እየነቀነቀ «ይኼ ሁሉ ይወጣል» ሲል እናትህ ፊታቸውን ከመስኮቱ አዞሩ። ያንን አየሁ። ለጌታሁን እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ጊዜ ስጠኝ አልኩት፤ እስከዚያ ፓምፑ ውሃ ካልሰጠ መኪናው እንዲሸጥ ተስማማሁ።

«ወይዘሮ ማስረጃ» ትለኝ ነበር። «ጨው ሁለት ጊዜ የምትቀምስ ሴት አገባሁ፤ አንዴ ለምላሷ፣ አንዴ ለማኅደር» እያልክ ጓደኞችህን ስታስቅ እኔ ኮስተር እል ነበር፤ በውስጤ ግን እወደው ነበር። የላብራቶሪ ሥራዬ ያስተማረኝ አንድ ነገር አለ፦ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ከለወጥክ የትኛው እንዳዳነህ አታውቅም። ስለዚህ አንድ በአንድ ሄድኩ።

መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን ያዝኩ። ከሞተሩ ለይተህ ለመኪናው የውስጥ ዕቃዎች ብቻ ያደረግኸውን ባትሪ ቻርጅ አስደረግሁ፣ ፊውዙን አየሁ፣ ከዚያ ፓምፑ እየሠራ ሳለ ገመዶቹ ላይ መለኪያ አሳረፍኩ። ኃይሉ ሳይጓደል ይደርሰዋል። ቀጥሎ ከፓምፑ በፊት ያለችውን ማጣሪያ ፈታሁ። ጥቂት አሸዋ ነበረባት፤ በልቤ «አገኘሁሽ» አልኩና አጥቤ መለስኳት። ውሃው ጥቂት መጣ፣ ቀጠነ፣ ቆመ። ያን ቀን መፍቻውን አስቀምጬ ወደ ቤት ገባሁ። የጌታሁን ሐሳብ ትክክል መሰለኝ። እናትህ ምሳ አቀረቡልኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የታንከሩን መውጫ ዘጋሁ፣ ፓምፑ ውሃ የሚስብበትን ጎማ ነቀልኩና ጫፉን በውሃ የተሞላ ጀሪካን ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ቧንቧውን ከፈትኩ። መስፍኔ፣ ውሃው እየተወረወረ ወጣ! ከመታጠቢያው ተርፎ ጫማዬን አራሰው፤ ጀሪካኑ እስኪያልቅም አልዘጋሁትም። ፓምፑ ደህና ነበር። ያለ ጥፋቱ ሲከሰስ የከረመ ንጹሕ ዕቃ ነበር። ብቻዬን በዚያች ጠባብ ክፍል ቆሜ እጄን አጨበጨብኩ። እኔ! ብታየኝ አታምንም።

ጥፋቱ እንግዲህ ከፓምፑ ወዲያ፣ ከታንከሩ ዘንድ ነው። ጎማውን መልሼ ገጠምኩ፣ የአልጋውን ጣውላ አነሣሁና ታንከሩ ላይ እንዳፈጠጥኩ እናትህን ቧንቧውን እንዲከፍቱልኝ ጠየቅኳቸው። ፓምፑ መሳብ ሲጀምር የታንከሩ ጎን ቀስ እያለ እንደ ጾመኛ ሆድ ወደ ውስጥ ገባ። ውሃው ቆመ። እጄን ሰድጄ የመሙያውን ክዳን ፈታሁት። አየሩ በኃይል ገባ፣ የታንከሩ ጎን «ዷ» ብሎ ተመለሰ፣ እናትህም ከወዲያ በኩል «መጣ! ሂሩትዬ፣ ውሃው መጣ!» ብለው ጮኹ።

ውሃ ከታንከር ሲወጣ ቦታውን አየር መተካት አለበት። አንተ ይህን አውቀህ ከታንከሩ አናት ቀጭን ጎማ አውጥተህ በመኪናው ጎን አፉን ለውጭ ሰጥተኸው ነበር፤ መተንፈሻ። ዞሬ አየሁት። አፉ በሰማያዊ ፌስታል ተጠቅጥቆ፣ በነጭ ክር ተጠምጥሞ፣ ክሩም በጥንቃቄ ተቋጥሯል። ያ ቋጠሮ የማን እንደሆነ አላጣሁትም። የበርበሬው ጣሳ፣ የሽሮው ከረጢት፣ የመድኃኒታቸው ፌስታል ሁሉ በዚያው ቋጠሮ ነው የሚታሰረው።

ፈርጄ አይደለም የምነግርህ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የኖረ ሰው የውሃ ዕቃ አፉን ከፍቶ አይቶ ማለፍ አይችልም። በርሜላችን፣ ባልዲያችን፣ ማሰሮአችን ሁሉ ክዳን አለው። በታኅሣሥ አቧራው ሲነሣ እናትህ በመኪናህ ዙሪያ እየዞሩ ያገኙትን ቀዳዳ ሁሉ ደፍነዋል፤ ልጃቸው ያዘጋጀው የውሃ ዕቃ እንዳይቆሽሽ። ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ታንከሩ አንድ ትንፋሽ ያገኛል፣ ውሃውም ጥቂት ይመጣል፤ ክዳኑ ሲዘጋ ይታፈናል። ጌታሁንን ያሞኘው፣ ስንታየሁንም ያሳሳተው ይኸው ነው።

ፌስታሉን በመዳፌ ይዤ ለእናትህ አሳየኋቸው። «ምነው! አቧራውን ነው እንጂ የዘጋሁት፣ ውሃውን መቼ ዘጋሁ!» አሉ። ጌታሁን ከደጅ ሲገባ ሰምቶ ወገቡን ይዞ ሳቀ። «እማዬ፣ ስንታየሁ ሞቷል ሲል ለካስ አንቺ ነሽ አንቀሽ የያዝሽው!» አላቸው። እሳቸውም ሳይዘገዩ «ዝም በል አንተ! በቁሙ ልትሸጠው ገበያ ያወጣኸው ማን ሆነህ ነው?» አሉት። ከዚያ ራሳቸው ሳቁ፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ። አንተ ካረፍክ ወዲህ በዚህ ግቢ ሳቅ ተሰምቶ አያውቅም ልል ነበር፤ ቤት ያልነበርኩባቸው ቀኖች ስላሉ፣ እኔ ስሰማ የመጀመሪያው ነው ብልህ ይሻላል።

መተንፈሻው ላይ አየር የሚያስገባ፣ አቧራ የማያስገባ ቀጭን ወንፊት አደረግንበት። ያሰሩት እናትህ ናቸው፣ በዚያው ክር፣ በዚያው ቋጠሮ። ከዚያ ታንከሩን ሞልተን፣ ክዳኑን ዘግተን እስኪያልቅ ድረስ ውሃ አወረድን። አልቀጠነም፣ አልቆመምም። አንድ ጊዜ ሠራ ማለት ዳነ ማለት ስላልሆነ በማግሥቱ ደገምኩት። ስንታየሁን ጠርተን አሳየነው፤ ራሱን እየነቀነቀ «ተነሣ በሉኛ!» አለ። እናትህ «ተኝቶ መቼ ያውቅና» አሉት። ጌታሁን እዚያው ቆሞ ለገዢው ደወለለት። ምን እንዳለው ልንገርህ፦ «ወንድሜ፣ ይቅርታ፤ መኪናው ሥራ አለው።»

በግንቦት ወጣን። ጌታሁን ነበር የሚነዳው። መስቀል አደባባይን ስናልፍ ገና እየነጋ ነበር፣ ሯጮቹ ደረጃውን ይወጣሉ ይወርዳሉ፤ እናትህ በመስኮት እያዩ «እነዚህ ደግሞ ማን አሳደዳቸው?» አሉ። ከአዋሽ ወዲያ ሙቀቱ በረታ። እናትህ ሲፈልጉ ጌታሁን ዳር ይይዛል፣ እሳቸው በልካቸው በተሠራችው በር ገብተው ይዘጋሉ፤ ወዲያው ፓምፑ ሲያጉረመርም፣ ቧንቧው ሲዘጋም ፀጥ ሲል እሰማለሁ። በመጀመሪያው ጊዜ ሲወጡ እጃቸው እንደረጠበ ትከሻዬን ያዙኝ፤ ሸሚዜ ላይ የጣታቸው ምልክት ቀረ።

ድሬዳዋ ልንገባ ስንል ደግሞ አስቆሙን። ፊታቸውን፣ እጃቸውን፣ እግራቸውን ታጠቡ፣ ነጠላቸውን ለወጡ። ጌታሁን «እታገኝ እንደሆነች አታይሽ፣ ለማን ነው ይኼ ሁሉ?» ብሎ ሲያሾፍባቸው «በእጇ ታየኛለች» አሉት።

እንዳሉትም ሆነ። አክስትህ ደጃፉ ላይ ቆመው ሁለት እጃቸውን ዘረጉና የእህታቸውን ፊት ከግንባር እስከ አገጭ ዳሰሱ። «ጽጌ፣ ፊትሽ ቀዝቃዛ ነው። በዚህ ሐሩር ከየት አገኘሽ ውሃ?» አሏቸው። እናትህ «ልጄ ነው የሰጠኝ» አሉ። ከዚያ ስለ አንተ ተላቀሱ፤ አክስትህ ለቀብርህ መምጣት ስላልቻሉ ይህ ልቅሶ ገና ሳይለቀስ የቆየ ነበር። ሲጨርሱ ግን ተያይዘው ስለ ልጅነታቸው ማውራት ጀመሩ፤ አንዷ የጀመረችውን ሌላዋ ትጨርሳለች። እኔና ጌታሁን ዳር ቆመን እየተያየን ፈገግ አልን። አሸንፈሃል፣ መስፍኔ። ሌላ ቃል ፈልጌለት ነበር፣ አላገኘሁም።

ቃል መግባት እንደማይቀናኝ ታውቃለህ፤ የማልፈጽመውን ስለማልናገር። ይህን ግን እገባልሃለሁ። ከዝናቡ በኋላ እናትህን እንደገና እወስዳቸዋለሁ። መተንፈሻውን በእጄ አየዋለሁ፣ ማጣሪያዋን አጥባለሁ፣ ባትሪውን እለካለሁ። አንተን የማስታውሰው መኪናህን በፎቶግራፍ እያየሁ ሳይሆን መንገድ ላይ እያዋልኩ ነው። ቀስ ብዬ የምማረው ነገር ሲኖር ደግሞ እንደ ድሮው አትሳቅብኝ፤ ታገሠኝ።

ድሬዳዋ በገባንበት ምሽት አክስትህ ቤት ለእናትህ አልጋ ተነጥፎ ነበር። እራት እንደተበላ ሁለቱ እህቶች ተደጋግፈው ወደ መኪናህ ገቡ፣ በሩንም ከውስጥ ዘጉ። በተነጠፈው አልጋ ላይ አንዳቸውም አላደሩም።