አማን ምን ትሠራለህ?

ቴፒ፣ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ ለህሊና
ማሻ

እንደምን ሰነበትሽ? ጨቅላውስ እንዴት ነው? ይህን ወረቀት የሚያደርሱልሽ አክስታችን ወለተሥላሴ ናቸው። በስልክ ልጽፍልሽ አፈርኩ፤ ስልክ የሠራሽን ሠርቶሻል። ስልክ አልኩ እንጂ፣ የሠራሁሽስ እኔ ነኝ።

አባባ ያረፈ ዕለት አጎታችን ጋሼ ይትባረክ ሁላችንንም ሰብስበው፣ «ህሊና የሦስት ቀን አራስ ናት። ክርስትናው ሳያልፍ አንድም ሰው ትንፍሽ እንዳይል። ከዚያ እኛው ማሻ ድረስ ሄደን በማለዳ እናረዳታለን» አሉ። ባለቤትሽ አሮንም አማትሽም እንባቸውን ውጠው ገንፎ ሲያበሉሽ ዋሉ።

እኔ ግን ከቀብር ስንወጣ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ፎቶ ተነሣሁና ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት። ስለ ሞት አንድ ቃል አልጻፍኩም። ቦታውን ብቻ፣ የአባባን ከተማ፣ «አማን» ብዬ አስገባሁ። ቦታ ምን ያወራል ብዬ! አንቺ ግን በቡና ለቀማ ከቴፒ ንቅንቅ እንደማልል ታውቂያለሽ። ጥቁር ለብሼ፣ ጸጉሬን ተላጭቼ አማን ስታዪኝ ሌላ መርዶ ነጋሪ አላስፈለገሽም።

ለምን እንዳደረግኩት አልደብቅሽም። እዚህ ሰፈር «ይርዳው አባቱን ጣለ» እየተባልኩ እታማ ነበር። እዚያ መገኘቴን ሰው እንዲያይልኝ ፈለግኩ። ሐሜቱ ደግሞ እውነት ነበር። አባባ በታመመበት ወር ሁለቴ ደውሎ «እስቲ ብቅ በል፣ ልጄ» ብሎኛል። ሁለቴም ቡናው ይድረቅና እመጣለሁ አልኩት።

«በድንጋጤ ጡቷ ደረቀ» ሲሉኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ፎቶውን ወዲያው አጠፋሁት፤ ግን የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ጋሼ ይትባረክ እስካሁን ሰላምታዬን አይቀበሉም፤ እውነታቸውን ነው።

እግዚአብሔር ልጅሽን በዕድሜ በጸጋ ያሳድግልሽ። ጡትሽን ይመልስልሽ። በአባባ ፋንታ የሚያጽናናሽ ሰው አያሳጣሽ፤ እኔ እንኳ ለዚያ አልበቃሁም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ያን ዕለት «አማን ምን ትሠራለህ?» ብለሽ ጻፍሽልኝ። አይቼዋለሁ። ደወልሽ፤ ስልኩን አጠፋሁት።

አባባን ልቀብር ነበር፣ እህቴ። ሲጠራኝ ሄጄ ቢሆን ኖሮ «ላስታምመው» እልሽ ነበር።

ወንድምሽ ይርዳው