የእፍኝ ዱቄት

ግንቦት 11፣ ሰኞ

ቃሉ አንዴ ወጥቷል፣ መመለስ አይቻልም። ረቡዕ ማታ የክፍላችን ሰዎች እኔ ቤት ይበላሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማታውን መሠረተ ትምህርት ጨርሰን ትናንት የምስክር ወረቀታችንን ተቀበልን። መምህርቷ ስሜን ስትጠራ ከሁሉም ሰው ይበልጥ ለእኔ ተጨበጨበ። ይህን እኔ አልጨመርኩትም፣ የሰማ ሁሉ ይመስክር። ከዚያ አንዱ «ማን ሊደግስልን ነው?» አለ። ሁሉም መሬት መሬት አየ። በዚህ ጊዜ ማን ይደግሳል? ስኳር ጠፍቷል፣ ሳሙና ጠፍቷል፣ የቀበሌው ኅብረት ሱቅ በር ላይ ግማሽ ቀን ተሰልፎ የሚገኘው ጨው ነው። እኔን ግን አፌ ቀደመኝ። «የሲቀላ አንደኛ ልብስ ሰፊ ቤት እያለ ምን አስጨነቃችሁ?» አልኩ።

አንደኛ ነኝ፣ እውነት ነው። ግን አዲስ ልብስ ከሰፋሁ ቆይቻለሁ። የምኖረው በኮሌታ ነው። የቢሮ ሠራተኞች ኮሌታው የተበላ ሸሚዝ ይዘው ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ወደ እኛ ሲቀላ ይወርዳሉ። እፈታዋለሁ፣ እገለብጠዋለሁ፣ የተበላው ወደ ውስጥ ደህናው ወደ ውጭ። ሰውየው አዲስ ሸሚዝ የገዛ መስሎ ይሄዳል። ክር ሲጠፋ ከጆንያ እየመዘዝኩ እሰፋለሁ። ይህንንም የምጽፈው ለኩራዝ ጋዝ እንዳላወጣ ፀሐይ ሳትገባ ነው። መምህርቷ በየቀኑ ካልጻፋችሁ ፊደሉ ይሸሻችኋል ብላናለች። ከእኔ አይሸሽም፣ ቢሸሽም እይዘዋለሁ።

ባለቤቴ ማርታ እናቷን ልትጠይቅ ወደ ገረሴ ሄዳለች። ሐሙስ ትመለሳለች። ብትኖር ኖሮ ገና አፌን ስከፍት በዓይኗ ትይዘኝ ነበር።

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ

ቤት ውስጥ ያለው፦ ግማሽ ጣሳ የበቆሎ ዱቄት፣ ጨው፣ ሁለት ሽንኩርት፣ የጠቆረ ሙዝ። ለሰባት እንግዳ።

ደግሞ ከበሩ ጀርባ ያለው ማሰሮ አለ።

ማርታ ምግብ ልትሠራ ባለች ቁጥር ከሰፈረችው ዱቄት አንድ እፍኝ ታነሳና እዚያ ማሰሮ ውስጥ ትጨምራለች። ከተጋባን ጀምሮ እንዲሁ ናት። ሲቸግረንም አትተውም። «ይቺን እፍኝ ዛሬ ብንበላትስ?» ስላት «እሷ የእኛ አይደለችም» ትለኛለች፣ ያልቃል። ዱሮ ሲሞላ ለጸሎት ቤታቸው ትወስደው ነበር። አሁን ጸሎት ቤቱ ተዘግቷል። በሩ ላይ የተለጠፈውን እኔው ራሴ አንብቤላታለሁ፣ ከነማኅተሙ። እንግዲህ የዱቄቱ ባለቤት ከታሸገ ዱቄቱ የማን ነው? ቤት ውስጥ ያለ ነገር የቤቱ ነው። ይህን ሳስብ በራሴ ጭንቅላት ተደነቅኩ።

ክዳኑን አነሳሁ። እስከ አንገቱ ሞልቷል። አንዱ ቦታ ነጭ በቆሎ፣ አንዱ ቦታ ቢጫ፣ መሐሉ ላይ ቀይ ማሽላ፣ ከዳር ያልደቀቀ ሻካራ። እንደ እኔ ሱሪ በየቦታው የተጣፈ ዱቄት ነው።

ትንሹን ለቦርዴ ሻጯ ሰጥቼ ለነገ አንድ እንስራ ቦርዴ ተዋዋልኩ። የቀረውን ከነማሰሮው ለአስካለ ወሰድኩላት። አስካለ በግድግዳ የምትዋሰነን ጎረቤታችን ናት። ባሏ ወታደር ሆኖ ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ ብቻዋን ናት፣ ሆዷም ገፍቷል። ግን ሊጡን አድቦልቡላ ሺፈራው ከሚሉት ከአለኮ ቅጠል ጋር የምትቀቅለው ቁርቁፋ በሰፈሩ አቻ የለውም።

ጣቷን ዱቄቱ ውስጥ ከታ ትኩር ብላ አየችው።

«ጋሽ ቦጋለ፣ ማርታ ታውቃለች?»

«እሷው ናት ለአስካለ ስጣት ያለችኝ» አልኳት፣ ነገር እንዳይበዛ።

«ለእንግዳ እንዲሠራ?»

«ለእንግዳ።»

«እሺ» አለች። ፊቷን ወደ ምድጃው መለሰች። ድካም ይሆናል።

ግንቦት 14፣ ሐሙስ ጠዋት

ትናንት አልጻፍኩም። ሰው ሲነግሥ አይጽፍም።

ሰባቱም መጡ። በሉ፣ ጠጡ፣ ደገሙ። ግንበኛው ታደሰ ሦስተኛ ሳህኑን እየጠረገ «ቦጋለ፣ ይህ ሁሉ ዱቄት ከየት? የኅብረት ሱቁን ዘረፍከው እንዴ?» አለኝ። «ኮሌታ ስገለብጥ ከሥሩ በቆሎ ወጣ» አልኩት። ሳቁ ጣሪያ ነካ። ወረቀቴን ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው፣ ሁለተኛውን ቆሜ። ሰዓት እላፊ ሳይደርስ ተበተኑ።

አስካለ ስታቀርብ ስታነሳ ነበር። በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀመጠች እንጂ አልበላችም። «ብዪ እንጂ፣ ሁለት ሆነሽ» አልኳት። «ጠግቤያለሁ» አለች። ሲያልቅ ማሰሮውን አጥባ ከበሩ ጀርባ ወደ ቦታው መለሰችው። ጨዋ ሴት ናት።

ሐሙስ፣ ማታ ሲል

ማርታ መጣች።

በጭነት መኪና ላይ ስትንገላታ ውላ አቧራ ሆናለች። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ፣ አንድ ከረጢት የገብስ ዱቄት፣ እናቷ የሰጠቻት ቅቤ ይዛለች። የወሩን ቀለባችንን ጀርባዋ ላይ አዝላ ነው የመጣችው። ውኃ እንኳን ሳትጠጣ ከከረጢቱ አንድ እፍኝ ዘግና ወደ ማሰሮው ሄደች።

ክዳኑን አነሳች። እጇ እዚያው ቆመ።

«ዱቄቱ የት ገባ?»

ስለ ወረቀቱ፣ ስለ እንግዶቹ፣ ስለ ጭብጨባው ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ የኮሌታውንም ቀልድ ጨመርኩ።

«ከዚህ ውስጥ የእኛ ምን ያህሉ እንደሆነ ታውቃለህ?» አለችኝ። «ስድስት ቤት ነው። የስድስት ሴት እፍኝ ነው።»

ጸሎት ቤቱ ሲዘጋ ሴቶቹ እፍኙን አልተዉትም ኖሯል። እርስ በርሳቸው፣ ለምትወልደው የአራስ ገንፎ ይሁን ተባብለዋል። የወለደችን ሴት በዚህ ኑሮ ማን ያበላታል? እኔ በረንዳ ላይ ኮሌታ ስገለብጥ እየመጡ እኛ ማሰሮ ውስጥ ይገለብጡ ነበር። ማሰሮው እኛ ቤት የተቀመጠው ማርታን ስላመኑ ነው።

«አሁን የማን ተራ ነው?» አልኳት። መልሱን ገምቼ ነበር፣ ግን ጠየቅኳት።

«የአስካለ።»

ቀጥላ «ማነው የሠራልህ?» አለች።

አስካለ ራሷ መሆኗን ነገርኳት። ማርታ በዘገነችው ገብስ እጇን እንደጨበጠች መሬት ላይ ተቀመጠች። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ግንቦት 15፣ ዓርብ

ማርታ ጠዋት «ሂድና ራስህ ንገራት፣ እኔ ያንተን ውሸት ተሸክሜ አልገባም» አለችኝ። ሄድኩ። አስካለ እንጨት ትፈልጥ ነበር። መጥረቢያውን ተቀብዬ እየፈለጥኩ ነገርኳት፣ ፊቷን እንዳላይ።

«ማርታ አላለችህም?» አለች።

«አላለችኝም። ዋሸሁ።»

ጉቶው ላይ ተቀመጠች።

«ሁለት ሳምንት ሆነኝ እፍኝ ካላመጣሁ። የማመጣው አልነበረኝም። ዱቄቱን ይዘህ ስትመጣ፣ በቃ ከተራው አወጡኝ አልኩ። አፍ አውጥታ ከምትነግረኝ እንዲህ ነገረችኝ አልኩ።»

«ታዲያ ለምን ሠራሽው?»

«ምን ልበል፣ ጋሽ ቦጋለ? ሰዎቹ ለእንግዳ ካሉት የእኔ ነው ብዬ ልያዘው?»

የፈለጥኩትን እንጨት ከምሬላት ወጣሁ። ትክክል አልከመርኩትም፣ ወደቀ፣ ተመልሼ ከመርኩት።

ከዚያ የበሉትን ሰዎች ቤት ለቤት ዞርኩ፣ ከየቤቱ አንዳንድ እፍኝ ልለምን። ረቡዕ ንጉሥ፣ ዓርብ ለማኝ።

ታደሰ ግንበኛው፦ ቀልድ መሰለው። «እንዴ፣ የጋበዝከውን መልሱ ትላለህ?» ብሎ ለሠፈሩ ሁሉ አስተጋባልኝ። ፊቴን አይቶ ሲረዳ ግማሽ ጣሳ ሰጠኝ።
ሌሎቹ ሁለቱ፦ እፍኝ እፍኝ።
ሌሎቹ አራቱ፦ የላቸውም። እውነታቸውን ነው፣ ልጆቻቸውን አይቻለሁ። እንዲያውም ቁርቁፋውን እንደዚያ ሲበሉ ስስታሞች ብዬ በሆዴ ስቄባቸው ነበር። ተርበው ነበር።
ቦርዴ ሻጯ፦ «የጠጣኸውን ልመልስልህ?»
ኅብረት ሱቅ፦ ዱቄት የለም፣ ለወሩ መጨረሻ ተመለስ አሉኝ።

ከሴቻ አንድ የቢሮ ሰው ሁለት ሸሚዝ ገልብጥልኝ፣ በዱቄት እከፍልሃለሁ ብሎኛል። ከቀትር በኋላ ቁጭ ብዬ ሠራሁ። አንዱን ኮሌታ አጣመምኩት። ፈትቼ እንደገና ሰፋሁት።

የማክሰኞውን ጽሑፌን አሁን አነበብኩት። «በራሴ ጭንቅላት ተደነቅኩ» ይላል። ልሰርዘው ብዬ ተውኩት። እዚያው ይቀመጥ።

ግንቦት 16፣ ቅዳሜ

ሴቶቹ ጠዋት እኛ ቤት ተሰበሰቡ። እኔ ውጭ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ማርታ ሳትደብቅ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ «ባሌ ሳያውቅ ነው» እንኳን አላለችም። «ከቤቴ ነው የጠፋው፣ እኔ ነኝ የምጠየቀው» አለች።

በዕድሜ ከሁሉ የሚበልጡት እማማ አልማዝ ናቸው የተናገሩት።

«ማርታ ልጄ፣ አንቺን አናማሽም። ግን ማሰሮው ለጊዜው እኔ ጋ ይሁን።»

ማርታ ራሷ ተሸክማ ወሰደችላቸው። ስትወጣ በአጠገቤ አለፈች፣ አላየችኝም። ሴቶቹም አንድ በአንድ ወጡ። አንዷ እንኳን አልሰደበችኝም። «እንደምን ዋልክ» አሉኝ። ሰላምታ እንዲህ ያማል እንዴ?

ለስድብ መልስ አላጣም ነበር።

ከቀትር በኋላ የአስካለን ምጥ ያዛት። ማርታና እማማ አልማዝ ገቡ። እኔ ወደ ሴቻ ዳገቱን ሮጥኩ፣ ሸሚዞቹን አስረክቤ ዱቄቱን ላመጣ። ሰውየው የለም። ምዕራብ ዓባያ ለሥራ ወርዷል አሉኝ። ባዶ እጄን ስወርድ የዓባያ ሐይቅ ከታች ቀይ ሆኖ ይታየኛል፣ እኔ የማስበው ስለ ገንፎ ነው።

ስደርስ ተወልዷል። ሴት ናት። እናትየው ደህና ናት።

ገንፎውም ተሠርቷል። ማርታ ከገረሴ ተሸክማ ያመጣችውን ገብስ ከነከረጢቱ፣ ቅቤውንም ከነዕቃው፣ አስካለ ቤት አስገብታዋለች። ለነገ ያለችው የለም። ሳታማክረኝ ነው ያደረገችው። ምን ብላ ታማክረኛለች?

ግንቦት 17፣ እሑድ

ጠዋት ሰውየው ራሱ ሸሚዞቹን ሊወስድ መጣና ዱቄቱን አመጣ፣ ከተባለው በለጥ ያለ። ኮሌታውን አይቶ «እጅህ ወርቅ ነው» አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ለሳምንት እነግድበት ነበር። አመሰግናለሁ ብቻ አልኩት። ዱቄቱን ሁሉ፣ ከታደሰና ከሌሎቹ ያገኘሁትንም ጨምሬ፣ አስካለ ደጃፍ አደረስኩ። አራስ ቤት አልገባም፣ ማርታ ተቀበለችኝ። ከውስጥ አስካለ «ጋሽ ቦጋለ ነው?» ስትል ሰማሁ። ማርታ «እሱ ነው» አለች። ከዚያ የሕፃኗ ልቅሶ መጣና ሌላ አልተሰማኝም። ምን ልትለኝ ነበር? ማርታን አልጠየቅኳትም።

ሂሳብ፦ አስካለ በማርታ ገብስና በእኔ ኮሌታ ለጊዜው ትወጣዋለች። እኛ ቆጮዋን ከአለኮ ጋር እስከ ወሩ መጨረሻ እንጎትታታለን። ሻይ የለም። እኔ ምሳ እተዋለሁ፣ በረንዳ ላይ ማን ያየኛል?

አመሻሽ ላይ ማርታ ከዚያችው ከግማሽ ጣሳዋ በቆሎ ሾርባ የመሰለ ነገር ልትሠራ ሰፈረች። እንደ ልማዷ አንድ እፍኝ አነሳች። ወደ በሩ ጀርባ ዞረች፣ ማሰሮው የለም። ትንሽ ቆመችና ወደ እኔ መጣች።

«እጅህን ዘርጋ።»

ዘረጋሁ። መዳፌ ላይ አፈሰሰችው።

«እማማ አልማዝ ጋ አድርስ።»

«በዕቃ አልይዘውም?»

«በእጅህ።»

ሄድኩ። መንገዱ አጭር ነው፣ እኔ ግን እንደ ሽማግሌ ነው የተራመድኩት። በቀኝ እጄ ይዤ በግራዬ ከለልኩት። ኮሌታ የምገለብጥበት በረንዳ ላይ እነታደሰ ተቀምጠዋል። «ቦጋለ፣ ደግሞ ምን ሰርቀህ ነው?» አለኝ ታደሰ፣ ሁሉም ሳቁ። መልስ ነበረኝ፣ ጥሩ መልስ። ግን ቀና ካልኩ ይደፋል። አለፍኳቸው።

እማማ አልማዝ በሩን ከፍተው መጀመሪያ እጄን፣ ከዚያ ፊቴን አዩ። ማሰሮውን አላመጡልኝም። የራሳቸውን መዳፍ ከእጄ ሥር አደረጉና «ገልብጥ» አሉኝ። ገለበጥኩ። በጣቴ መሐል የቀረውንም አራገፍኩ። እሳቸው ወደ ውስጥ ይዘውት ገቡ፣ ክዳኑ ሲነሳና ሲከደን ሰማሁ። ተመልሰው አልወጡም።

ቤት ስገባ ማርታ «ምን አሉህ?» አለችኝ።

«ምንም።»

«ተቀበሉህ?»

«ተቀበሉኝ።»

ድስቱን አማሰለች። ከሐሙስ ወዲህ መጀመሪያ ጊዜ ነው ፊት ለፊት ያየችኝ።

«እንግዲያው ነገም አንተ ትሄዳለህ» አለች።

ከጉጌ ተራራ በኩል ደመናው ጠቁሯል። ነገ ዝናብ ከያዘኝ ዱቄቱን በምን እንደምሸፍነው እያሰብኩ ነው።