ያለ ደሳለኝ የመረጥኩት ቅርንጫፍ

ሰኞ፣ ቡሬ
እስከ ዓርብ መወሰን አለብኝ። ኃላፊዬ አቶ ሙላት ጠዋት ቢሯቸው ጠርተው ነገሩኝ። የኮሌጃችን ሁለት ሰርቨሮች የሚሠሩበት ስርዓተ ክወና የጥገና ጊዜው በወሩ መጨረሻ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ የደህንነት ቀዳዳ ቢገኝበት የሚደፍንልን የለም። የተማሪው ውጤት ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ምርጫው ሁለት ነው። አንዱ ስቴብል፣ «የረጋው»፣ የሚሉት የስርዓቱ ቅርንጫፍ፤ አዲሱን ለውጥ ሁሉ ቶሎ ቶሎ ያመጣል። ሌላው ተጣርቶ የወጣ ሪሊዝ ይዞ መቀመጥ፤ የደህንነት ጥገና ብቻ እየተቀበሉ፣ ቀጣዩ ሲወጣ መሻገር።

እንዲህ ያለውን የሚወስነው ባለቤቴ ደሳለኝ ነበር። ማሽኖቹን የተከላቸው እሱ፣ ረዳቱ እኔ። ወደ አዴት ከተዛወረ ስምንት ወሩ።

ማክሰኞ
ስቴብሉን አሮጌው የሙከራ ማሽን ላይ ጫንኩት። ቀልጣፋ ነው፤ ወደድኩት። ደሳለኝ ቢያየው አይለቀውም ነበር።

ከሰዓት ማሻሻያ መጣ። ተቀበልኩ። ማሽኑ ኔትወርክ ካርዱን አላውቀውም አለ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ታገልኩ። ስሙ ነው እንጂ የረጋ አይደለም።

አዴት ደወልኩ። አይሠራም። አራት ጊዜ።

ረቡዕ፣ ፍኖተ ሰላም
ሪሊዙን ለማውረድ በሚኒባስ መጣሁ፤ እዚህ ኢንተርኔቱ ይሻላል። እግረ መንገዴን አማቴን እትዬ ጥሩን ጠየቅኋቸው። ምን እንዳመጣኝ ሲጠይቁኝ፣ ቶሎ ቶሎ የሚለወጠውን ልያዝ ወይስ ቀስ የሚለውን ብዬ ነው አልኳቸው። ፈገግ አሉ።

«ልጄ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉኝ።

ስለ ልጃቸው ጠየቁ። ደህና ነው አልኩ። እሳቸውም ናፈቀኝ አላሉ፣ እኔም አላልኩ። ስወጣ ግን ለእሱ ያሠሩትን ጋቢ አሸከሙኝ። እስከ ቡሬ ታቅፌው ተመለስኩ።

ሐሙስ
ደወለ! የምጠይቀውን በወረቀት ጽፌ ነበር። ካርዱ፣ መጠባበቂያ ቅጂው፣ ቅርንጫፉ። እሱ ቀድሞ ምሳ በልቼ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ወረቀቱ ጠፋብኝ።

በኋላ ነገርኩት።

«እኔ ብሆን ስቴብሉን እይዝ ነበር» አለ። «ግን ሲበላሽ አጠገቡ ያለሽው አንቺ ነሽ። አንቺው ወስኚ።»

መስመሩ ተቋረጠ። ከፋኝ። መወሰን አቅቶኝ አይደለም። አጠገቤ ቆሞ እንዲከራከረኝ ነበር የፈለግኩት።

ዓርብ
ሰርቨሮቹ ሪሊዙን ይይዛሉ። የሙከራው ማሽን ስቴብሉን ይከተላል፤ የሚመጣውን ቀድመን እንድናይበት። ይህንኑ በአንድ ገጽ ጻፍኩ። አቶ ሙላት አንብበው ደሳለኝ ተስማምቶበት እንደሆነ ጠየቁኝ።

«እሱ ሌላውን ይመርጥ ነበር» አልኳቸው። «የወሰንኩት እኔ ነኝ።»

ፈረሙ።

ቅዳሜ
ተማሪ የለም። መጀመሪያ ውጤቱን ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጥኩ። የመጀመሪያው ሰርቨር ያለ ችግር ተሻገረ። ሁለተኛው ጠፍቶ ሲነሣ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። ቁጭ አልኩ፣ ተነሣሁ፣ እመቤቴን ተማጸንኩ። ጽሑፍ መጣ። ውጤቱ አለ፤ አንድም አልጎደለም።

ዞር ብዬ የምነግረው ሰው ፈለግኩ። ክፍሉ ባዶ ነው። «ሁለቱም ተነሥተዋል» ብዬ ለደሳለኝ ላክኩለት።

አመሻሽ ላይ መለሰ። ወደ ቡሬ ለመምጣት የዓመት ፈቃድ ጠይቋል፤ መልሱን ማክሰኞ ይነግሩታል። ስለ ሰርቨሮቹ አንድ ቃል የለበትም። ደጋግሜ አነበብኩት።

ለማክሰኞ ሦስት ቀን ቀርቷል።