የመርከብ ጭረት

ደብረ ታቦር፣ ሐምሌ 24 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለልጄ ለብዙነሽ
አሰብ

ውድ ልጄ፣ የአሰብ ወበቅ እንዴት ይዞሻል? እኛ ዘንድ ክረምቱ ከብዷል፤ ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል እንጂ ሌላው ጤናዬ ደህና ነው። እቴነሽም ደህና ናት።

ሌላ ነገር ከመጻፌ በፊት ስለ እኔ የሚወራውን አንድ ወሬ ላርም። ሾፌሩ ኑሩ አሰብ ሲደርስ ሳይነግርሽ አይቀርም። «ጥሩወርቅ የእቴነሽን አዲስ ጊታር በቢላ ፋቀችው፤ ቅናት ነው» ይባላል። ወሬውን ያወጣችው ጎረቤቴ ጌጤ ናት። ጊታሩን አልፋቅሁትም። ቢላ የያዝኩት ሣጥኑ የታሰረበትን ገመድ ልቆርጥ ነው፤ ጌጤ ደግሞ ልክ በዚያች ሰዓት በሬ ላይ ቆማ ነበር። ጭረቱ ከአንቺው ዘንድ አብሮ የመጣ ነው። አንቺም በደብዳቤሽ «መርከብ ላይ ተጭሯል» ብለሽ ጽፈሻል። ስለዚህ ቢላ የሚለው ውሸት ነው። ቅናት ስለሚለው ቃል ኋላ እመለስበታለሁ።

ኑሩ ሣጥኑን ያመጣው ባለፈው ቅዳሜ ነው። ያን የነዳጅ መኪናውን ከደጃችን አቁሞ ለገበያተኛው መንገድ ዘጋበት። ሣጥኑን አስከፍቼ ጊታሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰድኩትና አየሁት። ጀርባው ላይ ድመት የቧጠጠችው የሚመስል ረጅም ጭረት አለ። ከታች በኩል ጠርዙ ላይ ቀዩ ቀለም ተላጦ እንጨቱ ወጥቷል። አንገቱ ሥር ቫርኒሹ ኩፍ ብሏል። ከመቃኛዎቹም አንዱ ደብዝዟል፤ ይህን እንኳ አላየሽውም፣ ወይም አይተሽ አልጻፍሽልኝም።

«እትዬ» አለኝ ኑሩ በትከሻዬ በኩል እያየ፣ «ይኼ እኮ የመርከብ ጭረት ነው። ድምፁን አይነካውም። እኔም ይኸው ግንባሬ ላይ አለብኝ፤ ሚስቴ አልመለሰችኝም።»

«ለሚስትህ ማንም ‘ካልተስማማሽ መልሽው’ ብሎ አልጻፈላትም» አልኩት።

ከት ብሎ ሳቀ። እኔ ግን ቁም ነገሬን ነበር። «እናቴ፣ አንቱ አይተው ይወስኑ፤ ይመለስ ካሉ ኑሩ ሲመለስ ይስጡት፤ ነጋዴው በሚቀጥለው መርከብ ከሚመጣለት ላይ ንጹሑን ሊለውጥልኝ ተስማምቷል» ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ውሳኔውን ለእኔ ከሰጠሽኝ እንዴት እንደምወስን ታውቂያለሽ። በአዳሪ ትምህርት ቤት ሳለሁ የእጅ ሥራ የምታስተምረን መምህርት ጥልፋችንን የምታርመው ገልብጣ በጀርባው በኩል ነበር። እኔም እንደዚያው ተምሬ፣ እንደዚያው አስተምሬ ጡረታ ወጣሁ። አዲስ የተባለ ዕቃ ተጭሮ ሲመጣ «ምን አለበት» ማለት አልችልበትም።

ጉዳዩ ጭረት ብቻ ቢሆን ግን ይህን ያህል ባልጻፍኩልሽ። ሣጥኑ ሲከፈት እቴነሽ ምን እንዳለች ታውቂያለሽ? «እናቴ ላከችልኝ!» አለች። ኑሩ እየሰማ፣ ጌጤ እየሰማች፣ ጮክ ብላ። ይህች ልጅ አፏን ከፈታች ጀምሮ እኔን «እማዬ»፣ አንቺን «ብዙነሽ» ነው የምትለው። እኔ እንዲህ በይ ብዬ አላስተማርኳትም፤ አያቱ ቤት ያደገ ልጅ ሁሉ እንደሚለው ነው ያለችው። ቀሚስ ስትልኪ «ብዙነሽ ላከችልኝ» ትላለች። ጫማ ስትልኪ «ብዙነሽ ላከችልኝ» ትላለች። ጊታር ሲመጣ ግን እናት ሆንሽ። ኩፍኝ ሲይዛት ጨለማ ቤት ውስጥ ታቅፌያት የከረምኩት እኔ ነኝ። ፊደል ያስቆጠርኳት፣ ፀጉሯን የሠራሁላት፣ በትምህርት ቤት ስትጣላ ተጠርቼ የቆምኩላት እኔ ነኝ። አንቺ አንድ ሣጥን በመኪና ጫንሽ። ይኸው፤ ጻፍኩት። አልሰርዘውም።

ደግሞስ ጊታር ለመምታት የበቃችው በማን ነው? መምህር ሞላ የአውራጃውን የኪነት ቡድን እንደሚመራ ታውቂያለሽ። ቤዝ ጊታር ይመታላቸው የነበረው ልጅ ጊታሩን ይዞ ለብሔራዊ ውትድርና ሄደ። ሞላ ለመስከረም ሁለቱ የአብዮት በዓል ሌላ ሰው ሲፈልግ እቴነሽን በተውሶ ጊታር ሞከራትና ቤቴ ድረስ መጣ።

«እትዬ ጥሩወርቅ፣ ይህች ልጅ ወፍራሙን ድምፅ እንዲህ ረጋ አድርጋ መያዝ ከየት ተማረችው?» አለኝ።

ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን በገናዬን አሳየሁት። አንቺ በልጅነትሽ «እንቅልፌን ያመጣብኛል» ብለሽ የሸሸሽውን በገና እሷ ከሥሬ ሳትነሳ ተምራልኛለች። ሞላም «የራሷ ጊታር ካላት ቦታው የእሷ ነው፤ ከሌላት ለሌላ ልጅ እሰጠዋለሁ» ብሎ ሄደ። እሷ ይህን ለአንቺ ጻፈች፤ አንቺ ላክሽ። ጣቷን ያሠለጠንኩት እኔ፣ ምስጋናው ለአሰብ።

በገና በግራ እጅ እንደሚደረደር አትረሺውም። ሰኞ ዕለት ሞላ ጊታሩን ሊያይ ሲመጣ እቴነሽ አነሣችውና እንደለመደችው በግራዋ ልትመታው ገልብጣ ያዘችው።

«እቴነሽ፣ የጊታር አንገት ወዲያ ነው የሚዞረው!» አላት።

«የእኔ እጅ የሚያውቀው ወዲህ ነው» አለችው። አውታሮቹ ላይ ታች ሆነውባት እንኳ አልተደናገረችም። ሞላ ራሱን ነቀነቀና ተዋት።

ችግሩ ሌላ ነው። ሲገለበጥ ከታች የነበረው የተላጠ ጠርዝ ወደ ላይ ወጣ፤ ከደረቷ ሥር ፊት ለፊት አፈጠጠ። እንደ ሰው ሁሉ ብትይዘው ኖሮ ማንም አያየውም ነበር። ጌጤ ይህን አላሳለፈችውም። «ያስተማረቻት እሷ፣ ጉዱን ፊት ለፊት ያወጣችውም እሷ!» ብላ ሳቀችብኝ። ያን ጊዜ ቆረጥኩ። «ይመለሳል» አልኩ።

ሞላ ሌላ መርከብ እስኪመጣ በዓሉ እንደሚያልፍ ነገረኝ። አውቄዋለሁ አልኩት። እቴነሽ አላለቀሰችም፤ አልተሟገተችኝም። «እሺ እማዬ» አለች። ከዚያ ወዲያ ሳምንቱን ሙሉ «እሺ እማዬ» ብቻ ሆነ። ውኃ ቅጂ ስላት እሺ፣ ብዪ ስላት እሺ። እምቢ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ ከምሳ በኋላ ዝናቡ እንዳባራ ጊታሩን በጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ሣጥኑ ልመልሰው ስል መጣች።

«እማዬ፣ ከመታሸጉ በፊት ድምፁን አይሰሙትም?»

«የምን ድምፅ? ድዳ አይደል እንዴ?» አልኳት። ማጉያው ያለው አዳራሹ ውስጥ ነው፤ ያለ እሱ ይህ የኤሌክትሪክ ጊታር ከትንኝ የበለጠ አይሰማም።

በክረምት ቆዳው እንዳይረግብ በገናዬ ከተሰቀለበት እንደማይወርድ እያወቀች አወረደችው፤ አምጥታም ጭኔ ላይ አቆመችው።

«ይታቀፉልኝ። ጣትዎን ግን አያሳርፉበት።»

«ምን ልታደርጊው ነው?»

«ይታቀፉት ብቻ፣ እማዬ።»

ጊታሩን ከጨርቁ አውጥታ ፊት ለፊቴ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። የጊታሩን ጫፍ፣ መቃኛዎቹ ያሉበትን ራሱን፣ ከበገናው ሆድ ጋር አስጠግታ ጫን አደረገችውና ወፍራሙን አውታር መታች።

ብዙነሽ፣ ድምፁ ከጊታሩ አልመጣም። ካቀፍኩት በገና ውስጥ ነው የወጣው። ወፍራም ነው፤ ረጋ ያለ ነው፤ ከጆሮዬ በፊት የጎድን አጥንቴ ሰማው። ቀጥሎ ማንም ያልነካቸው የበገናው አውታሮች አብረው መንዘር ጀመሩ። ለበዓሉ የሚለማመዱትን የሰልፍ ዘፈን የምትመታ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ትንሽ ልጅ ሳለች መጀመሪያ ያስተማርኳትን የጣት ልምምድ ነበር የምትመታው። ያን ጊዜ የምትስታትን ቦታ ዛሬም ሳተቻት።

«አውራ ጣትሽን አታንሺ!» አልኳት።

«አንሥቼ አይደለም፤ ጊታሩ አራት አውታር ብቻ ነው ያለው፤ አለቀብኝ እኮ!» ብላ ሳቀች። በሳምንት ውስጥ ስትስቅ የሰማኋት ያን ጊዜ ነው።

የበገናውን አንዱን ምሰሶ ከሥሩ ሁልጊዜ በጨርቅ ቁራጭ ጠምጥሜ እንደምይዘው ታውቂያለሽ፤ ምክንያቱን ግን አታውቂም። ሲነዝር ጥምጥሙ ተፈታና ወረደ። እቴነሽ መምታቷን ትታ ጎንበስ ብላ አየች።

«ይኼ ምንድን ነው? አይጥ በልቶታል?»

«ጥርስ ነው» አልኳት።

«የማን ጥርስ?»

«የእናትሽ» አልኳት።

እንዲህ ብዬ ጠርቼሽ አላውቅም፤ ለእሷ ስናገር «ብዙነሽ» ነው የምልሽ። ቀና ብላ አየችኝ። እኔ መስኮቱን አየሁ። ጥርስ ስታወጪ እኔ እየደረደርኩ አንቺ እየዳኽሽ መጥተሽ የነከስሽው ነው። አባቴ «ይፋቅና ይለስልስ፤ ነውር ነው» ብሎኝ ነበር። አላስፋቅሁትም። እሱ እንዳያየው ጠመጠምኩበት፤ እሱ ካለፈም በኋላ ጥምጥሙን አልፈታሁትም።

እቴነሽ በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ ያ የእኔን የሚመስለው ክፉ ፈገግታዋ መጣ።

«ታዲያ ይኼን ለምን አልመለሱትም?»

«ለማን ልመልሰው?» አልኳት።

ጊታሩ ይቀራል። ይህን ስልሽ ጭረቱን አሳልፌዋለሁ ማለት አይደለም። ለነጋዴው በራስሽ አንደበት ንገሪው፤ ዕቃ ሲጭን ጨርቅ ያልብስ፤ የደበዘዘውንም መቃኛ ይለውጥ። ለአንቺም አንድ የምልሽ አለ፤ ጊታር ስትልኪ ማንገቻውን ረስተሻል። እሱን እኔ እሠራለሁ። ሰፊ አድርጌ፣ የተላጠውን ጠርዝ ሸፍኖ እንዲያልፍ፣ በጀርባውም በፊቱም እኩል የሆነ ጥልፍ እጠልፍበታለሁ። ሞላ በግራ እንድታነግተው አድርጎ ያስርላታል። በመስከረም ሁለት አዳራሹ ሙሉ መጀመሪያ የሚያየው የእኔን ጥልፍ ነው። ጊታሩን ማን ላከው ብለው ከጠየቁ እቴነሽ ትንገራቸው፤ አልከለክላትም።

ፈቃድ ካገኘሽ ለበዓሉ ነይ። አጠገቤ ትቀመጫለሽ። ስትመታ ከሳተች ግን የማርማት እኔ ነኝ፤ አንቺ ዝም ትያለሽ።

ኋላ እመለስበታለሁ ያልኩት አንድ ቃል ነበር፤ ወረቀቱ ሊያልቅብኝ ስለሆነ ይለፈኝ።

የባሕሩ ሙቀት ይቅለልልሽ፤ የሠራሽው ይባረክልሽ፤ ደጄን የምታንኳኪበትን ቀን እግዚአብሔር ያቅርብልኝ።

እናትሽ ጥሩወርቅ

ነገ በመጀመሪያ የምሠራውን እዚሁ ልጻፈው፤ ሰው ሌላ ወሬ እንዳያደርስሽ። ኑሩ ሳይነሣ ነዳጅ ማደያው ድረስ ሄጄ ጊታሩን ትቶ እንዲወርድ እነግረዋለሁ፤ ይህንም ደብዳቤ እሰጠዋለሁ። ከዚያ ከሀዋ ሱቅ ለማንገቻው ወፍራም ጥቁር ጨርቅና ቀይ ክር እገዛለሁ። ስመለስ በጌጤ ደጅ አልፍና «ቢላ የሚያስፈልግሽ ነገር አለ?» ብዬ እጠይቃታለሁ። በገናውን መልሼ እሰቅለዋለሁ፤ ምሰሶውን ግን አልጠመጥመውም። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ እቴነሽን እቀሰቅሳታለሁ። «ተነሽ፤ የእናትሽን ጊታር ልለካው ነው» እላታለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምለው፤ ከሰማች ሰማች።